ፏፏቴው በየትኛው ወር? ከባሕር ዳር የትምህርት ጉብኝት ቦታ የምመርጥበት መንገድ

ከባሕር ዳር ለጉብኝት የሚወጣ ክፍል መድረሻው አብዛኛውን ጊዜ ገና ሳይታሰብበት ተወስኗል፦ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወይም በጣና ሐይቅ ዳር ያለው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት። ሁለቱም ውብ ቦታዎች ናቸው። ስማቸው ግን ከትምህርቱ ሊቀድም አይገባም። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ቦታ ስመርጥ የምነሣው ከመማሪያ መጽሐፉ ነው። በዚያ ሰሞን ከሚሰጠው ምዕራፍ አንድ ጥያቄ አወጣለሁ፦ «የፏፏቴው ውሃ በበጋ የት ይሄዳል?»፣ «የዘጌ ጫካ እስከ ዛሬ እንዴት ቆየ?»። ጥያቄ ያልተገኘለትን ቦታ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ።

ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ መግባት ይችል እንደሆነ አያለሁ። በጣና ደሴቶች ላይ ያሉት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ናቸው። ግማሹን ክፍል ጀልባ ላይ አስቀምጦ የሚደረግ ጉብኝት ትምህርት አይባልም። ዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሁሉንም ትቀበላለች፣ የግድግዳ ሥዕሏም ለታሪክ ትምህርት የበቃ ነው። እዚያም ቢሆን በልዩ ልዩ ምክንያት ወደ ውስጥ የማይዘልቁ ተማሪዎች ይኖራሉ፤ የሌላ እምነት ተከታዮችና በወር አበባ ላይ ያሉ ልጃገረዶች ከእነዚህ ናቸው። ለእነሱ ከቅጥሩ ውጭ የሚሠራ እኩል ክብደት ያለው ሥራ አስቀድሜ አዘጋጃለሁ፤ ምርጫውን ለሁሉም ተማሪ አቀርባለሁ፤ ማንም ምክንያቱን አይጠየቅም። ልጃገረዶቹን ከሁለት ቀን በፊት ሴት መምህር ለብቻቸው ብታነጋግር ይመረጣል።

የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ካልታየ ቀጠሮ አይያዝም። በጾም ቀን ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት የደረሰ ቡድን ቆሞ ይጠብቃል። በወሩ 16 ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ዑራ በዚያ ቀን በምእመናን ስለምትሞላ ለትምህርት አትመችም። ስለዚህ ቦታውን ቀድሜ የማየው ተማሪዎቹ በሚሄዱበት የሳምንቱ ቀንና በሚደርሱበት ሰዓት ነው። እግረ መንገዴን መጸዳጃ ቤቱን፣ የዝናብ መጠለያውንና አውቶብሱ የሚዞርበትን ቦታ አያለሁ፤ ከመኪና እስከ ሥራው ቦታ ያለውን የእግር መንገድ በሰዓት እለካለሁ። ለ50 ተማሪ የለካሁትን በግማሽ ጨምሬ እይዛለሁ፤ ሰልፍ ብቻውን ከሚሄድ ሰው ይዘገያል። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዋዜማው አጣራለሁ።

የጢስ ዓባይ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ሞልቶ የሚታየው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። በመስከረም መጀመሪያ ግን ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ያንሸራትታል፤ ለሙሉ ውሃ የምመርጠው የጥቅምትን መጀመሪያ ነው። በጥር የሚሄድ ክፍል ቀጭን ውሃ አይቶ ቅር ይለዋል። ጥያቄው ስለ ውሃ አጠቃቀም ከሆነ ግን ጥር ይበልጣል ባይ ነኝ። ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ የሚቆጣጠረው የጨራጨራ መዝጊያ ነው። ወደ ጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች የሚሄደው ውሃ ከፏፏቴው በላይ ይጠለፋል። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ ውሃውን ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚለቀው፣ ያ ውሃ በፏፏቴው በኩል አያልፍም። ተማሪው ይህን በካርታ ሥሎ ይዞ ሲመጣ የደረቀው ዓለት ራሱ መልስ ይሆነዋል።

በጀልባ ከሆነ ጠዋት ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፣ ማዕበሉም ትናንሽ ጀልባዎችን ያስቸግራል። ወደ ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ከ1፡30 እስከ 2፡00 ተነሥቶ እስከ 7፡00 መመለስ ነው። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ልኩም ይታያል። ጃኬቱ ከታሰረ በኋላ ትከሻው ላይ ይዤ ወደ ላይ እስበዋለሁ፤ ከአገጭ ካለፈ ለዚያ ልጅ ሰፊ ነው፣ ውሃ ውስጥ በራሱ ላይ ይወልቅበታል። ዳርቻው ላይ እግር መንከር የለም። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ተውሳኩ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። ይህን ለተማሪዎቹ በክፍል ውስጥ ካስረዳኋቸው ዳርቻው ላይ መጮኽ አያስፈልገኝም።

ቦታው የመጨረሻ ምርጫዬ የሚሆነው ተማሪው የሚለካው ነገር ካለው ብቻ ነው። ለውሃው ጥራት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ በአራት ከፍለን በነጭና በጥቁር እያፈራረቅን እንቀባለን፤ ከሥሩ ድንጋይ እናስራለን፣ ገመዱን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ እንቋጥራለን። ከዓይን የጠፋበትንና ሲሳብ እንደገና የታየበትን ጥልቀት መዝግቦ አማካዩን መውሰድ ነው። ሞተሩ ካልጠፋ ገመዱ ስለሚያዘነብል ጥልቀቱ ከእውነቱ በልጦ ይነበባል። የሚለካው ከጀልባው ጥላ ባለበት ጎን ነው፤ አንዱ ከከተማው ዳር፣ ሌላው ከመሐል።

ዘጌ ላይ በቆየው ልማድ በበሬ አይታረስም፤ ቡናው የሚያድገው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። በ40 ሜትር ገመድ 10 በ10 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ከልለን የቡናውን ችግኝና የጥላ ዛፉን ለየብቻ እንቆጥራለን። ሙቀቱን በሁለት ቴርሞ ሜትር፣ አንዱን ጥላ ሥር ሌላውን ከጫካው ውጭ፣ እኩል ከፍታ ላይ 10 ደቂቃ አቆይተን እናነባለን። ከውጭ ያለው በወረቀት ካልተከለለ ፀሐይ የመታው መስተዋቱ ይግልና የአየሩን ሙቀት አይነግረንም።

ለጀልባ አቅም ለሌለው ትምህርት ቤት ዓሣ የሚወርድበት የከተማው ዳርቻ በማለዳ ይበቃል። ቆሮሶና አምባዛ ለይቶ 20 ዓሣ በማስመሪያ መለካት የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው፤ የመረቡ ዓይን ስፋትና የዓሣው ርዝመት ያላቸው ዝምድና ወዲያው ይታያል። ላቤዎባርበስ በሚባለው ወገን ውስጥ በጣና ብቻ የሚገኙ በርካታ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሲወጡ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት ቦታ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ይህን ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው ቢያስረዱ ይሻላል፤ ጥያቄዎቹን አስቀድሜ እሰጣቸዋለሁ።

ለወጪው የጀልባውንና የአውቶብሱን ዋጋ የማካፍለው ለተመዘገቡት ሳይሆን ለከፈሉት ቁጥር ነው፤ መጠባበቂያ አንድ አሥረኛ እጨምራለሁ። አንድ መምህር ለ10 ተማሪ። ምሳው ጾምም ፍስክም የሚበላው ይሁን፣ ቆሎና ዳቦ አያሳፍርም። የሥራ ወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ፣ በእርሳስ የሚሞላ፤ ጀልባ ላይ ውሃ የረጨው ወረቀት ላይ እስክሪብቶ በደንብ አይጽፍም።