ጎን ማርሚታ የምታስገጥሙ፣ ላስቲኩን እንዳታስወጡ

ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ፣ ወይም ሌላ ሆዱ ዝቅ ያለ አሮጌ ስፖርት መኪና ይዛችሁ ጭስ ማውጫውን ወደ ጎን ለማዞር ያሰባችሁ፣ ብረት ከመቆረጡ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ መኪናዋን ቆሞ የሚያደንቅልኝ ሰው አላጣሁም። ቦሎ ላይ ምን እንደሚጠብቀኝ የነገረኝ ግን አንድም አልነበረም።

ጎን ማርሚታ የፈለግሁት ለጌጥ ብቻ አይደለም። የኋላው ማርሚታ በስብሶ አልቆ ነበር፤ የፋብሪካውን ዕቃ እዚህ አገር ማግኘት ዘበት ነው። መሀል ወለሉ ሥር የሚሄደው ቱቦም በየብሬከሩ እየተላተመ አስመርሮኛል። ከበሩ ሥር ጠርዝ ጠርዙን ሄዶ ከኋላ ጎማው ፊት ቢወጣ ሆዷ ነጻ ይሆናል። ድምፁንም ፈልጌዋለሁ፣ አልዋሽም። ጣሊያናዊው መሐንዲስ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የነደፈው ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተር ታፍኖ መኖር የለበትም።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ኮምቦልቻ አንድ በያጅ ዘንድ መኪናዋ ተነሥታ ድጋፍ ገባላት፣ አሮጌው ወለቀ፣ ባለ ሁለት ኢንች ጥቁር ቱቦ ተለክቶ ታጠፈና ተበየደ፣ የማኒፎልዱ (ቱቦው ከሞተሩ የሚነሣበት ብረት) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተቀየረ። ርካሽ ነው ብላችሁ ጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ ግን እንዳትወስዱለት። የተለበጠበት ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ማታ በብርድ ብርድና በትኩሳት ይጥለዋል፤ ወተት ጠጣበት የሚባለውም አያድነውም።

በያጄ እጁ የተባረከ ሰው ነው። ከማኒፎልዱ ቀጥሎ ፍሌክሲብል፣ ማለትም የሚተጣጠፍ ቁራጭ ቱቦ፣ አስገባ። ቱቦውን ከሻንሲው ጋር ያንጠለጠለው ከከባድ መኪና ጎማ በቆረጠው ላስቲክ ነው። በእጅ ሲገፉት ወዲያ ወዲህ ይላል፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ሞተሩ በራሱ ላስቲክ ላይ ስለተቀመጠ ነዳጅ በተሰጠው ቁጥር ይወዛወዛል። ብረት ደግሞ ሲሞቅ ይረዝማል፤ 2 ሜትር ቱቦ ሙቀቱ በ400 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ያ አንድ ሳንቲ መሄጃ ካጣ የሆነ ቦታ ይሰብራል።

ቦሎ ለማሳደስ የወሰድኩበትን የምርመራ ተቋም ስም አልጠራም። መርማሪው ቱቦውን እንዳየ "ሊብሬው ላይ እንዲህ አይልም" አለኝ። ሊብሬውን ከፍቼ አሳየሁት። የሻንሲ ቁጥር አለ፣ የሞተር ቁጥር አለ፣ ስለ ጭስ ማውጫ ቦታ አንድ ቃል የለም። ዝም አለና ቱቦውን በጫማው ጫፍ ገፋው። ተንቀሳቀሰ።

"ይሄ ይወድቃል። ከሻንሲው ጋር በብረት ያስበይዱትና ይመለሱ።"

"እንዲንቀሳቀስ ተብሎ ነው የተሠራው። ያ የቆመው ሚኒባስም በላስቲክ ነው የተንጠለጠለው፤ ጎንበስ ብለው ይዩት።"

"የሌላውን ይተዉት። እኔ የምፈርመው እርስዎ ባመጡት ላይ ነው።"

ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። እሱ መኪናዋን ወጥቶ እንኳን አላያትም፤ ወረቀቱን አገላብጦ "መርማሪው ያለውን አስተካክለው ይምጡ" ብሎ መለሰልኝ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያልጠየቁኝ ነገር ነው። ጎን ማርሚታ ሰው የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው፦ ከመኪና ሲወርዱ ባት ያቃጥላል፣ ጭሱም ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቱቦው ላይ መከላከያ ላሜራ አለው ወይ፣ አፉ ከመስኮቱ አልፎ ይወጣል ወይ ያለኝ የለም።

በያጁ ሲሰማ "ወላሂ ይሰነጠቃል ወንድሜ፣ እኔ አላስርልህም" አለ። ቦሎው ሊያልፍብኝ ስለነበር ለምኜው በየደው። ተመለስኩ፣ በጫማው ገፋው፣ አልነቃነቅ አለ፣ ፈረመ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የምትወርዱት ማርሽ አስገብታችሁ በሞተር እየያዛችሁ ነው። እናቴን ይዤ ስወርድ ነዳጅ በለቀቅሁ ቁጥር ቱቦው ጧ ጧ ማለት ጀመረ። ትንሽ እንደሄድን "ልጄ፣ መስኮቱን ክፈተው፣ ራሴን አዞረኝ" አለችኝ። ዳር ይዤ ወረድኩና ተንበረከክሁ። ብየዳው ካለቀበት ጠርዝ ቱቦውን ግማሽ ዙር የከበበ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ፤ ከበላዩ ወለሉ በጥላሸት ጠቁሯል። ጧ ጧ የሚለው በስንጥቁ አየር እየሳበ ያልተቃጠለው ነዳጅ ቱቦው ውስጥ ሲነድ ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። እናቴ ራሷን ባያዞራት እኔ መሪውን ይዤ እቀጥል ነበር።

የተሰነጠቀውን አስቆርጬ ተቋሙ ድረስ ወሰድኩላቸው። "ታዲያ እንደገና ያስበይዱታ" ነው ያሉኝ። አላስበየድኩም፤ ላስቲኩን መለስኩ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተቋም ስወስዳት መርማሪው ላስቲኩን በእጁ ጎትቶ "ጥሩ ነው" ብሎ አለፈ። ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፦ አስበይድ ያላችሁን መርማሪ ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጠኝ በሉት፤ እምቢ ካለ መኪናችሁን ይዛችሁ ሌላ ዘንድ ሂዱ። ቦሎ ቢዘገይ ይዘግይ።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልበል። የማኒፎልዱን ዳዶዎች ሞተሩ መጀመሪያ ሞቆ ከበረደ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ፤ የነሐስ ዳዶ ካገኛችሁ ዝጎ አይነክስም። ቱቦውን በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ጠቅልሉት ቢሏችሁ አትስሙ፤ እርጥበት ይዞ ጥቁር ብረትን ይበላዋል፣ የተቦረቦረ ላሜራ ይሻላል። በደሴ ብርድ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ከጭሱ የሚቀረው ውሃ ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱለት። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ነዳጁ ይበዛል፤ የቱቦው አፍ ከጠቆረ በያጁን ሳይሆን የካርቡራተሩን ጂግለር (ነዳጁን መጥኖ የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) ተመልከቱ። ላስቲኮቹን ክረምት ሲወጣ አጥፋችሁ እዩ፣ የተሰነጣጠቀ ካለ ቀይሩ። ስንጥቅ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ሞተሩን ደጅ ላይ በዝግታ አስነሡት፣ አንድ ሰው በወፍራም እርጥብ ጨርቅ የቱቦውን አፍ ለአፍታ ይያዝ፣ እናንተ ከማኒፎልዱ ጀምራችሁ ጆሯችሁን እያስጠጋችሁ ሂዱ፤ የሚያፏጭበት ቦታ ስንጥቁ እዚያ ነው።