የሞርሄድ መስኮት

ከዋሽንግተን ኬንታኪ ግዛት ውስጥ ወዳለችው ሌክሲንግተን በአውቶቡስ የተጓዝኩበትን ሌሊት አልረሳውም። ነሐሴ ነው፣ ውጭው ይጋረፋል፤ ውስጡ ግን ማቀዝቀዣው እንደ ደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት አጥንት ድረስ ይገባል። ሹፌሩን ሁለት ጊዜ ለመንኩት፣ ሁለቴም ዝም አለኝ። ጋቢዬን እኅቴ ቤት ጥዬ መምጣቴ እስኪነጋ ቆጨኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ለመቀየር ወርደን ሦስት ሰዓት ስንገተር ይቅርታ ያለን ሰው አልነበረም። ሌክሲንግተን የአክስቴ ልጅ ተቀበለኝ፤ በማግሥቱ አንድ ሰዓት ያህል ወደ ምሥራቅ ነድቶ ሞርሄድ አደረሰኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

መንገዱን ሙሉ «እዚያ ምን አለ ብለሽ ነው?» ሲለኝ ነበር። እኔ በአንድ ቀበሌ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሮ ለስምንት ዓመት ጋብቻ የመዘገብኩ ሰው ነኝ። በእያንዳንዱ ምስክር ወረቀት ግርጌ ፊርማዬና ቲተሬ አለ። የሞርሄድ ከተማ የምትገኝበት የሮዋን ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) መዝጋቢ የነበረችው ኪም ዴቪስ እምቢ ያለችው በዚሁ ሥራ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ከኬንታኪ መራጮች ከመቶ 75 ያህሉ ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል ብቻ እንዲሆን በግዛታቸው ሕገ መንግሥት አጽፈው ነበር። ጁን 26 ቀን 2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመላ አገሪቱ ሲፈቅድ ያ ድንጋጌ ወደቀ። ዴቪስ ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብላ ለማንም፣ ለወንድና ለሴት ጥንዶችም ጭምር፣ የጋብቻ ፈቃድ መስጠት አቆመች። በሕዝብ የተመረጠች ስለነበረች አለቃ አልነበረባትም፤ ማንም በደብዳቤ ሊያሰናብታት አይችልም ነበር። ስለዚህ ፈቃዱን እንድትሰጥ ያዘዟት የፌዴራል ዳኛ፣ ትእዛዛቸውን ባለመፈጸሟ አሰሯት። አምስት ሌሊት ግሬሰን ከተማ ታስራ ሳለ ምክትሎቿ ፈቃዱን መስጠት ጀመሩ።

ቢሮው ገብቼ ባዶ ቅጽ እንድታሳየኝ መስኮቱ ላይ የነበረችውን ልጅ ጠየቅኋት። ምን ያደርግልሻል ሳትል ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ አስቀመጠችልኝ። «ሙሽሪት»፣ «ሙሽራ»፣ «የትዳር ጓደኛ» የሚሉ ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች አሉት። የካውንቲው መዝጋቢ ስም ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የግዛቱ ምክር ቤት ስሙ ከቅጹ እንዲወጣ በሕግ ወሰነ። ቦታውን በጣቴ እየዳሰስኩ ብዙ ቆየሁ። ዴቪስ ስሜ አይኑርበት ስትል ልመናዋ ይገባኛል፤ እኔም የአያት ዕድሜ ያለው ሰው የ19 ዓመት ልጅ ሲያገባ እጄ እየከበደኝ ፈርሜያለሁ። ይህች አንዲት መስመር ቀድማ ተነሥታ ቢሆን ኖሮ ሴትየዋም አትታሰርም፣ ጥንዶቹም ከመስኮት አይመለሱም ነበር። ሁለት ወንዶች ከዚያ መስኮት በመመለሳቸው ከሰሷት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በፌዴራል ፍርድ ቤት ከተራ ዜጎች የተውጣጣ የዳኝነት ጉባኤ (ጁሪ) 100 ሺህ ዶላር እንድትከፍላቸው ወሰነ።

በእኛ አገር ጥያቄው መስኮት ድረስ አይመጣም፤ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚከለክለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ቀድሞ ወደ እስር ይወስደዋል። ቤተ ክርስቲያኔ ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን አምናለሁ። ሰው በዚህ መታሰሩን ግን ልቤ አይቀበለውም፤ ይህን አገር ቤት ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም።

ማደሪያው በር ላይ 74 ዶላር ይላል፤ ሲያስከፍሉኝ 91 አሉኝ። እኛ ቢሮ ክፍያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ከዚያ በላይ አንድ ብር ብቀበል እባረራለሁ። ተከራከርኩ፤ ማንም አልሰማኝም።

ዝናብ ይዞኝ መጠለያ ስር ስቆም መኪና ያቆሙልኝ አንዲት አሮጊት ናቸው። ስለ ዴቪስ ሳነሣባቸው መሪያቸውን ጠበቅ አደረጉ። በተፈታችበት ቀን ግሬሰን ሄደው ከሕዝቡ ጋር ጸልየዋል። «መንግሥት ከእግዚአብሔር አይበልጥም፣ ልጄ» አሉኝ።

«አይበልጥም፣ እናቴ። መስኮቱ ግን የመንግሥት ነው» አልኳቸው።

«አንቺ ብትሆኚ ትፈርሚ ነበር?»

ቶሎ አልመለስኩም። ወደ ልደት ምዝገባ ክፍል ቀይሩኝ ብዬ እንደማመለክት፣ ተተኪ እስኪመጣ ግን መስኮቱን እንደማልዘጋ ነገርኳቸው። አልወደዱትም፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ቤታቸው በር ላይ ሲያቆሙ እራት ግቢ አሉኝ። ፍልሰታን እየጾምኩ እንደሆነ፣ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ እንደማልበላ አስረዳሁ። ዘይትስ፣ ጨውስ እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ ብቻቸውን ገብተው ሁለት የተቀቀለ በቆሎ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝና «ቅቤ አልነካውም» አሉኝ።