የእድሩ መዝገብ

ከሦስት ምሽት ጀምሮ የሰፈራችንን እድር መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። የእድሩ ጸሐፊ የፈቀዱልኝ ስሞቹን በቁጥር እንድተካ አስምለውኝ ነው።

መዝገቡ የመጣውን ሰው አይጽፍም፤ ቀብር ላይ ስም ሲጠራ የቀረውን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ለቅጣቱ። ጸሐፊዎቹም ብዙ ጊዜ ተለዋውጠዋል። አንዱ «ኃይሉ» ያለውን ሌላው «ሀይሉ»፣ ሌላው ደግሞ «ኀይሉ» ብሎታል። ኮምፒውተሩ ታዲያ በመቅረት የታወቁትን አንድ ሽማግሌ ሦስት ሰው አደረጋቸውና ቅጣታቸው ተከፋፍሎ ጨዋ አባል መሰሉ። ሀሌታውን፣ ሐመሩንና ብዙኃኑን አንድ ሳደርግ አንድ ምሽት አለቀ።

ይህን ሁሉ የጀመርኩት በአንድ የቆየ ጥናት ቀንቼ ነው። ዌይን ዛካሪ የተባለ ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ያሳተመው ነው። 34 አባላት ያሉት የካራቴ ክለብ አሠልጣኙና ሊቀመንበሩ ተጣልተው ለሁለት ተከፈለ። ዛካሪ ቀድሞ የመዘገበውን የአባላቱን ግንኙነት ብቻ ይዞ ቢያሰላ፣ ከ34ቱ የ33ቱን ወገን አገኘው። እኔም የእኛን እድር እንዲያ ላነበው ተመኘሁ።

ዛሬ ማታ አብረው የሚቀሩትን ሰዎች በመስመር አገናኘኋቸው። አምስት ቁጥሮች ከሌላው ተነጥለው እርስ በርስ ተቆላለፉ። ቅያሜ አለ ማለት ነው! ምስር እየለቀመች ለነበረችው እናቴ እድሩ ሊሰነጠቅ እንደሆነ እንደ ትልቅ ምሁር አበሰርኳት።

«ቀኑን አየኸው?» አለችኝ።

አላየሁትም ነበር። ሁሉም ቅዳሜ ነው።

«በርበሬና ጌሾ ነጋዴዎቹ ናቸው እኮ፣ አንተ ልጅ። ቀብር ቅዳሜ ከዋለ ቅጣታቸውን ይከፍላሉ እንጂ ቅዳሜ ገበያን ጥለው አይመጡም። ማታ ግን ለቅሶ ቤት ከእነሱ ቀድሞ የሚደርስ የለም።» ማታ ደግሞ ስም የሚጠራ የለም።

መነጽሯን አድርጋ ሰንጠረዡን ወደ ታች ታይ ጀመር። ጣቷ 41 ቁጥር ላይ ቆመ፤ ከጥር እስከ ሚያዝያ አንድም ቀብር ያልደረሰ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቁጥሩን ከስሙ የሚያገናኘው ዝርዝር ሌላ ፋይል ውስጥ ስለተቆለፈ አላውቅም አልኳት፤ እውነትም አላስታወስኩትም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወሮቹን ቆጠረች።

«እኔ ነኝ» አለች። አባቴን ሆስፒታል ስታስታምም የከረመችበት ጊዜ ነው። ሰፌዱን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔ አሁንም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ። የቀኑን ዓምድ ላጥፋው እላለሁ፤ እሱ ከጠፋ ግን ቅዳሜም አብሮ ይጠፋል፣ አምስቱ ነጋዴዎችም ተመልሰው ቂመኛ ይሆናሉ።