ከሞድፍሎው በፊት ኤክሴል፦ የባህር ዳር ከርሰ ምድር ውሃ ሞዴሌን እንዴት እንደሰራሁት

ለመመረቂያ ጽሁፌ ከጣና በስተደቡብ ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴል ሳደርግ መጀመሪያ ሂሳቡን በኤክሴል ነው የሰራሁት፣ አሁን ለሚጀምር ሰው የምመክረውም ይሄንኑ ነው። ሞድፍሎው (የከርሰ ምድር ውሃ ፍሰትን የሚያሰላ ፕሮግራም) በጣም አሪፍ ነው፣ ነፃ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ አለ፣ ግን ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ሳታውቁት ባለቀለም ካርታ አውጥቶ ይሰጣችኋል።

መሬቱን ጎናቸው 100 ሜትር የሆኑ ካሬ ሴሎች አድርጌ ከፋፈልኩት። የአንድ ሴል የውሃ ከፍታ የአራቱ ጎረቤቶቹ አማካይ ነው፣ ዝናብ የሚሰርግ ከሆነ ደሞ ለአራት ከማካፈላችሁ በፊት ሪቻርጁን (በቀን ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገውን የውሃ መጠን) በሴሉ የወለል ስፋት (100 ሜትር በ100 ሜትር) አባዝታችሁ ለትራንስሚሲቪቲ (መሬቱ ውሃ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚገልጽ ቁጥር) አካፍላችሁ ትደምሩበታላችሁ፣ በቃ ይሄው ነው። ሀይቁ ጋ ያለው ሴል 1786 ሜትር ላይ ይቆለፋል። ጣና ክረምት ሊገባ ሲል ወርዶ መስከረም ላይ ስለሚሞላ ይሄ አማካይ ነው። ውሃ የማያልፍበት ጠርዝ ላይ ከውጪ ላለው ሴል ከጠርዙ ወደ ውስጥ ያለውን ሴል የውሃ ከፍታ ትሰጡታላችሁ።

ቀመሩ እርስ በርሱ ስለሚጠራራ ኤክሴል ኢተሬሽን (ስሌቱን እየደጋገመ እንዲሰራ የሚያደርገው ምርጫ) ካልበራለት አይሰራም። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ! ኤክሴል ለውጡ ከ0.001 ሲያንስ ያቆማል፣ ለውጡ አነሰ ማለት ግን መልሱ ደረሰ ማለት አይደለም፣ ከአንድ ሜትር በላይ ሊቀረው ይችላል። 0.000001 አድርጉት።

ማረጋገጫው፦ ከሀይቁ ጀምሮ 5 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋና ጫፉ ላይ ውሃ የማያልፍበት መሬት፣ ሪቻርጅ በቀን 0.0005 ሜትር፣ ትራንስሚሲቪቲ በቀን 500 ካሬ ሜትር። ጫፉ ላይ ውሃው ከሀይቁ 12.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፣ በእጅም ይሰላል።

አሁን ሪቻርጁንም ትራንስሚሲቪቲውንም እጥፍ አድርጉት። ከፍታው አንዲት ሳንቲም አይነቃነቅም! ወደ ሀይቁ የሚገባው ግን በአንድ ሜትር ዳርቻ በቀን ከ2.5 ወደ 5 ሜትር ኩብ ይወጣል። ለኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፣ የጉድጓድ ከፍታ ብቻ ለክታችሁ ሞዴሉ ገጠመ ብትሉ ያገኛችሁት የሁለቱን ሬሾ ነው፣ ስንት ውሃ አለ የሚለውን ግን አታውቁም፣ ከተማው የሚጠይቀው ደሞ እሱን ነው። ስለዚህ ጉድጓድ ከመለካት ጎን ለጎን ከተሰነጣጠቀው ባዛልት (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የሚወጡ ምንጮችን ፍሰት በበጋ ለካሁ። የጉድጓድ ባለቤት የሆኑ አንዲት እናት «ልጄ ግንቦት ላይ ና፣ ያኔ ነው ውሃው የሚርቀው» ብለውኝ ነበር፣ ልክ ናቸው፣ የሁለት ወቅት ልኬት ያዙ።

ፍሎፓይ (ሞድፍሎውን በፓይተን የሚያሰራ መሳሪያ) ላይ ስትሄዱም መጀመሪያ ያችኑ 5 ኪሎ ሜትር አስሩት፣ 12.5 ካልሰጣችሁ ወደ ባዛልቱ አትለፉ።