ቃሬና የእናቴ ቡና

ደሴ ውስጥ "ጨጓራ ነው" የማይባል ሕመም የለም መቼም! እኔም ማታ በርበሬ የበዛበት ወጥ በልቼ ወዲያው እተኛለሁ፣ ሌሊት ጎምዛዛ ነገር ጉሮሮዬ ድረስ ወጥቶ ይቀሰቅሰኛል፣ ጠዋት ተልባ እጠጣለሁ፤ እንዲህ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ሐኪም ዘንድ ስሄድ ነው የገባኝ። አሲዱ ለዓመታት የምግብ ቧንቧውን ታችኛ ክፍል ሲያቃጥል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ሽፋኑ ይለወጣል። ባሬት ይሉታል። ከነዚህም ጥቂቱ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል፤ ውፍረትና ሲጋራ ያባብሱታል። ቃር ያለበት አብዛኛው ሰው ግን ካንሰር አይዘውም፣ አትደንግጡ። ምግብ ሲውጡ መያዝ ወይም ያለምክንያት መክሳት ካለ ግን ተልባው ይቅርና ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን የካሜራ ቱቦ መታየት) ነው።

በእኛ በምሥራቅ አፍሪካ የሚበዛው ሌላኛው ዓይነት የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው። ከሲጋራ፣ ከአልኮልና በጣም ከሚያቃጥል መጠጥ ጋር ይያያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል። ጥፋቱ የሙቀቱ ነው፣ የቡናው አይደለም።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። የጦሳ ተራራ ብርድ በመስኮት እየገባ፣ "ቀዝቅዞማ ምኑን ቡና ሆነው?" አለችኝና ቀዳችልኝ። ሲኒውን አስቀምጬ ወሬ አረዘምኩ።