ካርድ ያልወጣለት ዓሣ

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የክሊኒኩን በር ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት በመስታወት የዓሣ ማኖሪያው፣ በአኳሪየሙ ውስጥ ያለውን ጎልድፊሽ ነው። ውሃው አናት ላይ አፉን ከፈት ዘጋ እያደረገ አየር ይጎርሳል። ቅዳሜ ስንወጣ መስታወት የመሰለው ውሃ አጥሚት የተደፋበት ይመስላል። ጋፒ ከሚባሉት ትንንሽ ዓሣዎች ሁለቱ ጠጠሩ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ሦስተኛው ጅራቱ ተበልቶ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። አራተኛው ከሂተሩ፣ ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ ተወሽቆ አይነቃነቅም።

የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ መወልወያቸውን እንደያዙ መጥተው ከጎኔ ቆሙ። «ውይ! ምን አግኝቷቸው ነው?» አሉ። መልስ አልሰጠኋቸውም። ዓሣዎቹን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።

ደሴ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። ጥርስ ሊያስነቅል የመጣ ሰው እንዴት እንደሚጨነቅ ያየ ያውቀዋል። ለዚህ ብለው ነው ዶክተራችን አምና መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ አኳሪየም ያስቀመጡት። ትልቅ አይደለም፤ 25 ሊትር ነው። አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃ በሉት። ውስጡ የነበረው ቤታ የሚባል አንድ ወንድ ዓሣ ብቻ ነው። ሰማያዊ ነው፤ ወደ ጅራቱ ሲሄድ እየቀላ ይመጣል። ሲዋኝ ክንፎቹ እንደ ነጠላ ጫፍ ይርገበገባሉ። ስንት የሚያለቅስ ልጅ እሱን አይቶ ዝም ብሏል!

እኔን የከነከነኝ ብቸኝነቱ ነበር። እኛ ወሎዎች ቡና ብቻችንን አንጠጣም። ጎረቤት ከዘገየ ልጅ ይላካል፣ «ቡና ደርሷል በላቸው» ተብሎ። ታካሚዎቹም ስለሱ ይጠይቁኛል። በተለይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማስገጠም የሚመላለሱ አንዲት እማማ በመጡ ቁጥር «ልጄ፣ ይኸ ፍጥረት ዛሬም ብቻውን ነው?» ይሉኛል። ይኼ ጥያቄ ሆዴ ገባ።

ዶክተር ለአንድ ሳምንት ሥልጠና አዲስ አበባ ሲሄዱ ልክ ጊዜው አሁን ነው አልኩ። ሚኒባስ የሚነዳ ጓደኛዬን ላክሁት። ከደመወዜ ቀንሼ አራት ወንድ ጋፒና አንድ ጎልድፊሽ አስመጣሁ። ጋፒዎቹን ወንድ ያደረግኋቸው ስለሚያምሩ ነው፤ ጅራታቸው ሰፊ፣ ቀለማቸው ደማቅ። በፌስታል ውሃ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ቅዳሜ ከሰዓት ደረሱ። ፌስታሉን እንዳለ አኳሪየሙ ላይ አንሳፍፌ 20 ደቂቃ ቆየሁና ለቀቅኋቸው።

ቤታው ወዲያው መጣ። የጉንጮቹን ክዳን እንደ አንበሳ ጎፈር ነፋ አደረጋቸው። ክንፎቹን ሁሉ ዘረጋ። ቀለሙ ደመቀ። ከአንዱ ጋፒ ፊት ቆሞ ሰውነቱን ያርገፈግፋል። እንግዳ እየተቀበለ ነው ብዬ በስልኬ ቪዲዮ ቀረጽኩት። አሁን ያን ቪዲዮ ሳየው ሆዴ ይላወሳል። ዓሣው በሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ «ውጡልኝ» እያለ ነበር። እኔ በራሴ ቋንቋ ተረጎምኩት። መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ። እሑድ ክሊኒኩ ዝግ ነው።

ሰኞ ዕለት መጀመሪያ ለዶክተር ደወልኩ። ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «አንተ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ካርድ ያልወጣለት ሰው ወደ እኔ ታስገባለህ?» አሉኝ። «አላስገባም» አልኳቸው። «ለምን?» «የሚቆጣው መድኃኒት ይኖር ይሆናል፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ይኖርበት ይሆናል።» «እንግዲህ የዓሣውን ካርድ ሳታይ ነው መድኃኒት የሰጠኸው» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ በስልክ እየመሩኝ ሠራን። ቤታውን አኳሪየሙ ውስጥ ተውነው። የተረፉትን ጋፒዎች ወደ ትልቅ ብርሌ፣ ጎልድፊሹን ወደ ባልዲ አዛወርን። ግማሹን ውሃ ቀድተን፣ ክሎሩ እንዲወጣ በባልዲ ባደረ የቧንቧ ውሃ ተካነው። እትዬ ውሃ አፈሉልኝ፤ እኔ ቴርሞሜትር ይዤ 26 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ቀላቀልኩ። የቤታውን ክንፍ ጠጋ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። እሱም ተቀዷል። ጠብ የፈለገ ሳይሆን ጠብ ውስጥ የተጣለ ነው።

በዚያው ጠዋት ጥርሱን የሚታከም የስድስት ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር መጣና አኳሪየሙን እያየ «ጋሼ፣ ለምንድን ነው የተጣሉት?» አለኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። ለምን እንደተጣሉ ግን ገና አላውቅም ነበር። ያ ጥያቄ ነው ያስጠናኝ።

ቤታ አገሩ ታይላንድና አካባቢዋ ነው። ሩዝ ማሳ ውስጥና ዝግ ባለ፣ ሣር በበዛበት ውሃ ይኖራል። ታይላንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ አድርጋዋለች። ወንዱ ውሃው አናት ላይ የአረፋ ጎጆ ሠርቶ እንቁላል ይጠብቃል፤ ሌላ ወንድ ከመጣ ይጣላል። በማሳው ውስጥ የተሸነፈው ሸሽቶ ይሄዳል፣ ነገሩ ያልቃል። በአንድ ጀሪካን ውሃ ውስጥ ግን ወዴት ይሸሻል? ዞሮ ዞሮ ከመስታወቱ ጋር ይላተማል። ጋፒዎቹን ያስበላቸው ደግሞ እኔን የማረከኝ ነገር ነው። ሰፊ ጅራትና ደማቅ ቀለም ያለው ዓሣ ለቤታው ሌላ ወንድ ቤታ ነው።

የጎልድፊሹ ጉዳይ ሌላ ነው። እሱ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ላለችው ደሴ ያለ ሂተር ይስማማል። ቤታ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ጎልድፊሽ ሲያድግ ከስንዝር ሊያልፍ ይችላል፣ ቆሻሻውም ብዙ ነው። ከቆሻሻው የሚወጣውን አሞኒያ የሚባል መርዝ የሚያጣራው ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ያ ባክቴሪያ ለአንድ ዓሣ የለመደ ነበር፤ በአንድ ቀን አምስት ጨመርኩበት። ቤታ ከላይ አየር መተንፈስ ስለሚችል መጥፎ ውሃ ውስጥም ይቆያል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ በብርጭቆ ያስቀምጠዋል። መቻሉ ግን ተመችቶታል ማለት አይደለም።

በሳምንቱ መንጋጋቸው ያበጠ አንድ ዓሣ አስጋሪ ከሐይቅ መጡ። ነገሩን ስነግራቸው አልገረማቸውም። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም በመራቢያው ጊዜ ወንዱ የውሃውን ወለል ቆፍሮ ጉድጓዱን እየጠበቀ የመጣውን ሁሉ እንደሚያባርር አጫወቱኝ። ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው «ዓሣ መሬት አለው» አሉ።

ከዶክተር ጋር የተስማማነው ለ25 ሊትር አንድ ቀንድ አውጣ ይበቃል ብለን ነው። እሱንም ካልተስማሙ የምናዛውርበት ብርሌ አዘጋጅተን ነው ያስገባነው፤ ቀንድ አውጣ እንኳ የሚነክስ ቤታ አለ። 60 ሊትር ቢኖረን ኖሮ ኮሪዶራስ የሚባሉ ስድስት ትንንሽ ዓሣዎች እንሞክር ነበር። ከታች ይውላሉ፣ ክንፋቸው አጭር ነው፣ ቀለማቸው አይጮህም፣ ሙቀቱም ይስማማቸዋል። በመንጋ ካልሆኑ ግን ይፈራሉ። እነሱን አስቀድሞ፣ ቤታውን በመጨረሻ ማስገባት ይሻላል። ቀድሞ የገባ ቤታ ቤቱን ሁሉ የራሱ አድርጎ ይይዘዋል። መደበቂያ ዕፅዋትም ያስፈልጋል፤ ካልተያዩ አይጣሉም።

ጎልድፊሹን ዶክተር ቤታቸው ትልቅ ገንዳ ውስጥ አኖሩት። ጋፒዎቹን የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ወሰደቻቸው፤ የአንደኛው ጅራት መብቀል ጀምሯል።

እኔ ደግሞ ከራሳችን ባዶ ካርድ አንዱን አወጣሁና ሞላሁት። ስም፦ ቤታ። ጾታ፦ ወንድ። ሙቀት፦ 26። የማይስማማው፦ ጋፒ፣ ጎልድፊሽ፣ ሌላ ወንድ ቤታ፣ ክንፍ የሚነክስ ዓሣ። አኳሪየሙ ጎን ለጠፍኩት።

እማማ ጥርሳቸውን ሊያስገጥሙ የመጡ ዕለት ገና ሳይቀመጡ «ልጄ፣ ዛሬም ብቻውን ነው?» አሉ። መስታወቱ ላይ የሚሳበውን ቀንድ አውጣ አሳየኋቸው። አጎንብሰው አዩት። ከዚያ በጣታቸው ወደ ካርዱ እያመለከቱ «ምን ይላል? አንብብልኝ» አሉኝ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ጸጥ ብለው ሰሙ። ስጨርስ ወንበራቸውን ወደ አኳሪየሙ ሳብ አድርገው ተቀመጡና ተራቸው እስኪደርስ ድረስ ሲያዩት ቆዩ።