የቡልዶጉ ዓይን፦ ይቆረጥ ወይስ ይመለስ?

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት እንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቡልዶግና ሺ ዙ የሚባሉትን የውሻ ዝርያዎች የሚያሳድግ ሰው በዝቷል። ከነሱ ጋር ደግሞ ድሮ ብዙም የማናየው የዓይን ችግር አብሮ መጣ። ቡችላው ማታ ደህና ተኝቶ ያድራል፣ ጠዋት ከዓይኑ የውስጥ ጥግ ሽንብራ የሚያህል ቀይ ነገር ወጥቶ ይገኛል። ቼሪ አይ እንለዋለን። ባለቤቱ ግን ካንሰር ነው፣ ወይ ሌላ ውሻ ነክሶት ነው ብሎ ደንግጦ ነው የሚመጣው።

ሁለቱም አይደለም። ውሻ ከላይና ከታች ካለው የዓይን ቆብ ሌላ ሦስተኛ ቆብ አለው። የዚህ ቆብ ሥር ላይ ዕንባ የሚያመነጭ ዕጢ ተቀምጧል። ዕጢውን የያዘው ጅማት ሲላላ ዕጢው ተገልብጦ ይወጣል፣ አየር ሲነካው ያብጣል፣ ይቀላል። ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ውሾች ነው የሚይዘው። እና ያ ቀይ ነገር ትርፍ ሥጋ አይደለም፤ ከዓይኑ ዕንባ ሲሶውን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚያመርተው እሱ ነው።

አንድ ቀን አንድ ጋሼ አምስት ወር ገደማ የሆነው ቡልዶግ ይዘው መጡ። ቡችላውን ያቀፈው የቤታቸው ጥበቃ ነው። «የኔ ልጅ፣ ይቺን ነገር ዛሬውኑ ቁረጪልኝና ልሂድ» አሉኝ። ቡችላውን የሸጠላቸው ሰው «ተቆርጦ ያልቃል፣ ቀላል ነው» ብሏቸዋል። ከኪሳቸው ከሰው ፋርማሲ የገዙትን ጠብታ አወጡ። ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ያለበት ነው። ይሄን ጠብታ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል፤ ምክንያቱም ቡችላው ዓይኑን ሲያሽ ኮርኒያው፣ ማለትም ከዓይኑ ፊት ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ላይ ቁስል ወጥቶ ከሆነ ስቴሮይድ ቁስሉን ያባብሰዋል፣ ዓይኑ እስኪበሳ ሊያደርስ ይችላል። እባካችሁ ሳይመረመር አታድርጉ።

ዕንባውን ለካሁ። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ የታችኛው ቆብ ውስጥ ይሰካል፣ አንድ ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ዕንባው ወረቀቱን ስንት ሚሊ ሜትር እንዳረጠበው ይነበባል። 15ና ከዚያ በላይ ጤነኛ ነው፣ ከ10 በታች ከሆነ ዓይኑ ደርቋል ማለት ነው። ደህናው ዓይን 19፣ የወጣበት 16 አነበበ። ከዚያ አረንጓዴ የሚያበራውን ቀለም አደረግኩለት። ቁስል ቢኖር ቀለሙ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ታጥቦ ሄደ። ተመስገን።

ከዚህ በኋላ ነው ዕጢው ይቆረጥ ወይስ ወደ ቦታው ይመለስና ይሰፋ የሚለው ክርክር የተጀመረው። ከጋሼ ጋር ብቻ ሳይሆን ከትልቁ ባልደረባዬ ጋርም። ወደ ጎን ጠራኝና «ስሚኝ፣ ይሄ ቡልዶግ ነው። አፍንጫው ድፍጥጥ፣ ጉሮሮው ጠባብ። ሙሉ ማደንዘዣ ሰጥተሽው በኋላ መተንፈስ ቢያቅተው ምን ልታደርጊ ነው? ብትመልሺውም ተመልሶ ይወጣል። ቀጭኑም የስፌት ክር እንደልብ አይገኝም። ሰውየው አንዴ ከፍሎ ይገላገል» አለኝ።

ያለው ሁሉ እውነት ነው። የተመለሰ ዕጢ አንዳንዴ እንደገና ይወጣል፣ ቡልዶግ ላይ ደግሞ ይብሳል። ግን ቡልዶግ ሳይቆረጥም ቢሆን በዕድሜው ዓይኑ የሚደርቅ ዝርያ ነው። ከእንዲህ ያለ ውሻ ላይ የዕንባ ዕጢ አንስቶ መጣል አልዋጥልህ አለኝ። ችግሩ የሚመጣው ዛሬ አይደለም። የተቆረጠ ውሻ ለጊዜው አምሮበት ይሄዳል፣ ዓመታት ቆይቶ ነው ዓይኑ የሚደርቀው፤ ያኔ ደግሞ ሳይክሎስፖሪን የሚባለው ቅባት በቀን ሁለቴ፣ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ። ደንበኞቻችን ይሄን ቅባት የሚያስመጡት ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ነው።

ይሄን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው። አልገባቸውም፣ ወይም አላመኑኝም። ሰዓታቸውን ያያሉ። «ቤት ውስጥ ጠብታ የሚያደርግለት ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። በአገጫቸው ወደ ጥበቃው አመለከቱኝ።

ልጁ እስከዚያ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። «ጋሽዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» ብሎ ጀመረ። «የፊት አሠሪዎቼ ቤት አንዲት ውሻ ነበረች። እንዲሁ ወጥቶባት አስቆረጧት። መጀመሪያ ደህና ነበረች። ኋላ ላይ ጠዋት ጠዋት ዓይኗ በዓይናር ተጣብቆ፣ በሞቀ ውኃ በጥጥ እያራስኩ ነበር የምከፍትላት። ዓይናሩ ደግሞ ዝልግልግ ያለ፣ ሲጎትቱት እንደ ክር የሚሳብ። መድኃኒቱ ከአሜሪካ ነበር የሚመጣው፤ ሲያልቅ እስኪመጣ ትሰቃያለች። በመጨረሻ ዓይኗ ላይ ቡናማ ነገር ሸፈናት፣ በሩን ትገጭ ነበር።»

የደረቀ ዓይን ከዚህ በተሻለ ሲገለጽ ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ዝም አሉ። ቆይተው «ያ ቅባት በወር ስንት ይፈጃል?» አሉ። ነገርኳቸው። «መልሺው በቃ» አሉኝ።

ቀጠሮ ይዘን ሠራነው። ከሦስተኛው ቆብ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ከዕጢው ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ቅድ ይቀደዳል። ዕጢው ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ከዚያ የቅዶቹ ጠርዝ ከላዩ ላይ ይሰፋል፣ ኪስ ይሆናል። ክሩ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም፣ ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል። ሁለት ነገር እዚህ ላይ መርሳት አይገባም። ዕንባው መውጫ እንዲያገኝ ዳርና ዳሩ ላይ ትንሽ ክፍት መተው አለበት። ቋጠሮው ደግሞ በቆቡ የውጭ ገጽ መሆን አለበት፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ኮርኒያውን እየፋቀ ያቆስለዋል። ማደንዘዣውን የያዘው ያ ባልደረባዬ ራሱ ነበር። ቡችላው አንገቱን አቅንቶ የመተንፈሻ ቱቦውን በራሱ ማኘክ እስኪጀምር ድረስ ከጉሮሮው አላወጣውም፣ ከአጠገቡም አልራቀም።

የጠብታውን አደራረግ ያሳየሁት ለጥበቃው ነው። ከኋላው ሆነህ አገጩን ቀና አድርገህ፣ ከላይ ቆቡን ስበህ፣ ጫፉ ዓይኑን ሳይነካ። የፕላስቲኩን ኮሌታ ደግሞ «አሳዘነኝ» ብለህ እንዳትፈታው አልኩት። የሌላኛው ዓይን ዕጢም ሊወጣ እንደሚችል ነግሬው ነበር፣ ብዙ ጊዜ ይከተላልና። ከሳምንታት በኋላ ራሱ ደወለ፤ «ዶክተር፣ ያልሽው ወጥቷል» ብሎ። እሱንም መለስነው። በመጨረሻው ክትትል ዕንባው በአንዱ ዓይን 17፣ በሌላው 18 ነበር። በየስድስት ወሩ እንዲለካ ተነጋግረናል።

አሁን የዓይን ሕመም ይዞ የሚመጣ ውሻ ሲኖር፣ መድኃኒቱን የሚያደርገው ሰው የምርመራ ክፍሉ ውስጥ ሳይገባ ውሳኔ ላይ አልደርስም፤ ጥበቃም ይሁን የቤት ሠራተኛ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ። ስልኩንም ካርዱ ላይ እጽፋለሁ።

ከባልደረባዬ ጋር ግን አንድ ነገር ላይ ዛሬም አልተስማማንም። ልቡ ደካማ የሆነ፣ ማደንዘዣ የማይችል ያረጀ ውሻ ሲመጣ፣ እሱ በማደንዘዣ ጠብታና በትንሽ ማረጋጊያ ቆርጠን እንገላግለው ይላል። እኔ ደግሞ ዕጢው እንደወጣ ይቆይ፣ በማለስለሻ ቅባት እንዲርስ እናድርግ እላለሁ። መልኩ አያምርም፣ ይቆጣል፣ መከታተል ይፈልጋል። ቢያንስ ግን ዕንባ ይሠራል።